ብዙ ሕመም ያለበት አንድ ሰው፦ በቅርባችን ያሉ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ለምን ይመለከተናል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዓሉን ያዘጋጀው ኮሚቴ «ስለ ጤና ጥቂት ነገር ተናገሩ» ብሎ ሲጠይቀን፣ ይህ የሐኪም እንጂ የባለ ሱቅ ሥራ አይደለም ብለን ነበር። ኮሚቴው ግን «የሕዝቡን ኑሮ በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ» አለን። እውነት ነው፤ በገዳሪፍ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ሰዎች የማን እናት እንደታመመች፣ የማን አባት መድኃኒቱን ለመግዛት ዱቤ እንደጠየቀ ከሌላው ቀድመን እንሰማለን። ስለሆነም ያየነውንና ካነበብነው የተረዳነውን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ የምንኖረው በዚያው ነውና።

ጉዳያችን አንድ ነው። በማኅበራችን ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሥር የሰደደ ሕመም በአንድ አካል የተሸከሙ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች በቅርብ ሆኖ የሚያክም ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል? እኛስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለን? የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርን

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በመተማና በሑመራ በኩል ድንበር አቋርጠው ወደዚህ የመጡት ወገኖቻችን ያኔ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ተዋዋ ካምፕን የሚያስታውሱ፣ የኡም ራኩባን የመጀመሪያ ዘመን ያዩ እናቶችና አባቶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ የምንፈራቸው በሽታዎች ወባ፣ ኮሌራ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ ነበሩ። እነዚህ በሽታዎች ወይ ይገድላሉ፣ ወይ በጥቂት ቀናት ይለቃሉ። ሐኪሙም የሚሠለጥነው ለዚያ ነበር፦ ታማሚው ይመጣል፣ መርፌ ይወጋል ወይም ክኒን ይሰጠዋል፣ ይሄዳል።

ዛሬ ያ ወጣት ስድሳና ሰባ ዓመቱ ነው። ሱዳኖች «ሱከሪ» የሚሉት የስኳር በሽታ ይዞታል፤ «ደግጥ» የሚሉት የደም ግፊትም ተጨምሮበታል። ጉልበቱ ያምመዋል፤ ዓይኑ ይደክማል። አንዳንዱ አስም አለበት፤ አንዳንዱ በስደትና በሐዘን ብዛት እንቅልፍ አጥቷል፤ ስሙን ባይጠራውም የመንፈስ ጭንቀት ነው። እነዚህ ሕመሞች በአንድ ሳምንት የሚለቁ አይደሉም። ሰውየው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሯቸው ይኖራል። ደግሞም ብቻቸውን አይመጡም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ስኳር ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ደግሞ ተመልሶ ኩላሊቱንና ልብን ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል።

ጉዳዩ የሽማግሌዎች ብቻ ነው እንዳንል የድንበራችንን ሥራ እንመልከት። በየክረምቱ ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ከጎንደርና ከጎጃም ወገን የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ገዳሪፍ፣ መተማና ሑመራ በምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ ካላዛርንና ኤች.አይ.ቪ.ን በአንድነት ይይዛቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ካላዛሩ ታክሞ ይሄድና እንደገና ይመለሳል። የሳንባ ነቀርሳ ከተጨመረ ደግሞ በአንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ሦስት ሕመም ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ አንደኛው ክፍል ለካላዛር፣ ሌላው ክፍል ለኤች.አይ.ቪ.፣ ሦስተኛው ለነቀርሳ ብቻ ካየው፣ ልጁን ራሱን ማን አየው?

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በ2012 በስኮትላንድ የ1 ሚሊዮን 750 ሺህ ያህል ሰዎች የሕክምና መዝገብ ተመርምሮ፣ ከመቶው 23 ያህሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞች እንዳሏቸው ታወቀ። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላው ውጤት ነው፤ በድሃ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ከሀብታሙ ሰፈር ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድመው በብዙ ሕመም ይያዛሉ። በሰላም አገር፣ ነጻ ሕክምና ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ ስደትንና ጦርነትን ባየ ሕዝብ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

የአንዲት እናታችን መድኃኒቶች

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ስማቸውን የማንጠራቸው አንዲት እናታችን አሉ። ስኳር፣ ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባቸው። ስለ ስኳራቸው አንድ ክሊኒክ ሄደው ሩሸታ ተጻፈላቸው። ስለ ግፊታቸው ሌላ ክሊኒክ ሄደው ሌላ ሩሸታ ያዙ። ጉልበታቸው ሲብስባቸው ከአንድ ሰይደሊያ ማስታገሻ ገዙ። ለልጃቸው ሠርግ ጎንደር በሄዱ ጊዜ ደግሞ እግረ መንገዳቸውን ተመርምረው ተጨማሪ ክኒን ይዘው ተመለሱ።

ከጊዜ በኋላ እግራቸው ያብጥ፣ ይደክማቸው፣ በጾም ቀን ከቀትር በኋላ ያልባቸውና ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሰፈሩ «ቡዳ ነው»፣ «ዓይን ነው» አለ። ሌላው «ካርቱም ይወሰዱ» አለ፤ ያኔ መንገዱ ሰላም ነበርና። ለጉዞው መዋጮ ሊሰበሰብ ሲል፣ አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ «እማማ፣ ቤትዎ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶን እንኳ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ» አላቸው።

ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ብዙ ነገር ታወቀ። ከገዳሪፍ የተገዛው የስኳር ክኒንና ከጎንደር የመጣው ስማቸው የተለያየ ቢሆንም አንድ መድኃኒት ነበሩ፤ ሁለቱም ግሊቤንክላማይድ። እናታችን እጥፍ እየወሰዱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ስኳራቸው እየወረደ ነበር የሚንቀጠቀጡት። ለጉልበታቸው የሚወስዱት ዲክሎፌናክ ደግሞ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኤናላፕሪል ከሚባለው የግፊት መድኃኒትና ከሚያሸናው ክኒን ጋር በአንድነት ሲወሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሦስቱም በእናታችን ፌስታል ውስጥ ነበሩ። ባለሙያው የተደገመውን ክኒን አስቀረ፤ ማስታገሻውን በሌላ ለወጠው፤ በጾም ጊዜ እንዴት እንደሚወስዱ አስረዳቸው፤ የሽንትና የደም ምርመራ አዘዘላቸው። ካርቱም መሄድ አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከጻፉላቸው ሐኪሞች አንዳቸውም በየፊናቸው የተሳሳተ መድኃኒት አልሰጡም። የስኳሩ መድኃኒት ለስኳር ትክክል ነው፤ የግፊቱም ለግፊት። የጎደለው ሁሉንም በአንድነት የሚያይ ሰው ነበር። በሱቃችን ለአንድ ደንበኛ ሦስት የዱቤ ደብተር ብንይዝና አንዱ ላይ ስኳሩን፣ ሌላው ላይ ዘይቱን፣ ሦስተኛው ላይ ዱቄቱን ብንጽፍ፣ ደንበኛው ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት እኛም እሱም አናውቅም። የሕመምም ሒሳብ እንደዚያው ነው።

እንዲህ ያሉ የመድኃኒት ግጭቶች ብዙ ናቸው። ለግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ለአስም ወይም ለቁርጥማት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ደግሞ የስኳሩ መድኃኒት ሜትፎርሚን በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ስለሆነም ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1,000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህን ስንናገር ማንም ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዲያቋርጥ አይደለም። እንዲያውም አደራ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሳትጠይቁ አታቁሙ፣ ሳትጠይቁም አትጨምሩ።

ስፔሻሊስት ብቻ በቂ አይደለም

በኅብረተሰባችን ዘንድ «ትልቅ ሐኪም ያለው በትልቅ ከተማ ነው» የሚል እምነት ሥር ሰዷል። የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳር ስፔሻሊስት ለከባድ ጉዳይ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሦስት ሕመም ያለበት ሰው ሦስት ስፔሻሊስት ዘንድ በየወሩ ሊሄድ አይችልም። ገንዘቡም፣ ጉልበቱም፣ መንገዱም አይፈቅድም።

የ2023ቱ ጦርነት ደግሞ ይህን ግልጽ አድርጎ አሳየን። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ውጊያ ሲጀመር፣ ዋና ዋና ሆስፒታሎችም የመድኃኒት መጋዘኖችም የነበሩት እዚያው ነበር። በአንድ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋው፣ ኩላሊቱ የሚታጠበው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስደው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ። ብዙ ሺህ ሰው ወደ ገዳሪፍ ተፈናቀለ። በመስከረም 2023 በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ ሲታወጅ፣ ያለው ጥቂት ባለሙያ ወደዚያ ዞረ፤ መዞርም ነበረበት። በታኅሣሥ 2023 ጦርነቱ ዋድ መደኒ ሲደርስ፣ ብዙዎች ተስፋ ያደረጉበት የሕክምና ከተማ እንደገና ራቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው የነበረው ተስፋ በሰፈሩ ያለው ነርስ፣ የጤና መኮንን ወይም የሕክምና ረዳት ብቻ ነበር። ያ ሰው ከሠለጠነ ታማሚው ዳነ፤ ካልሠለጠነ የሚደርስለት አልነበረም።

ሥልጠናው በእኛው አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን፣ በቅርባችን የተሠራውን እናስታውስ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 ነው። በፊተኛው ዓመት ደምቢያ ላይ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። በወቅቱ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች ጥቂት ስለነበሩ፣ ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ትንንሽ ከተሞች እየወጡ፣ ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ሥራቸውን ይማሩ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ከዚያ ነው። ሥልጠናው የተመሠረተበት ሐሳብ ዛሬም ያገለግለናል፦ ባለሙያው የሚሠለጥነው በሚሠራበት ቦታ፣ ከሚሠራባቸው ሰዎች ጋር ነው።

ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ፣ በዚያው በጎንደር ሌላ ሥራ ተሠራ። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ግፊት፣ አስምና የልብ ሕመም ያለባቸው የገጠር ሰዎች ለወር መድኃኒት ብለው በእግርና በበቅሎ ረጅም መንገድ ተጉዘው ሆስፒታል ይመጡ ነበር። መንገዱ የከበደው ያቋርጥ ነበር፤ ኢንሱሊን ያቋረጠ ደግሞ ይሞታል። እንደ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ የጎንደር ሐኪሞች በውጭ ከሚኖሩ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች እነዚህን ሕመሞች እንዲከታተሉ አሠለጠኑ። ታማሚው በሰፈሩ ይታያል፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ደግሞ እየወጣ ያስተምራል፣ የከበደውን ያያል። በጅማም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ከውጭ አጋሮች መካከል በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የሠሩት፣ በኋላም በ1988 «ቴት» የተባለውን የጤና ትምህርት ድርጅት በእንግሊዝ የመሠረቱት ኤልድሪድ ፓሪ ይገኙበታል። ይህ ሥራ በ2007 በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ «ለሌሎች አገሮች ምሳሌ» ተብሎ ተጽፎለታል። ጎንደር ደግሞ ከመተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው!

በሱዳንም በኩል እንዲሁ ተሠርቷል። በ2010 የገዚራ ዩኒቨርሲቲና የገዚራ ክፍለ ሀገር የጤና ሚኒስቴር የቤተሰብ ሕክምና ፕሮጀክት ጀመሩ። ከ200 በላይ ሐኪሞች የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ሲማሩ፣ ከጤና ጣቢያቸው አልተነሡም። ትምህርቱን በኮምፒውተርና በርቀት ግንኙነት ይከታተሉ ነበር፤ አሠልጣኞቹም እየሄዱ ይጎበኟቸው ነበር። የቤተሰብ ሐኪም ማለት ሰውን በሙሉ፣ ከነቤተሰቡ የሚያይ ሐኪም ነው። ጦርነቱ ብዙ ነገር ቢያፈርስም፣ ጎረቤታችን ገዚራ ይህን መሥራት እንደሚቻል አሳይታለች።

አንዱ መጽሐፍ እንዴት ይሠራል?

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አንድ አሠራር አለ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለነርሶችና ለጤና ጣቢያ ሐኪሞች «ፓክ» የሚባል መመሪያ አዘጋጁ። ለአዋቂዎች የተዘጋጀው መጽሐፍ 40 ያህል የተለመዱ የሕመም ስሜቶችንና 20 ሥር የሰደዱ ሕመሞችን በአንድነት ይዟል። ኢትዮጵያም ይህንኑ ከራሷ ሁኔታ ጋር አስማምታ በ2017 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የሕክምና መመሪያ አድርጋ አወጣች፤ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ከተሞከረ በኋላም ወደ ሌሎች ተስፋፋ።

የመጽሐፉ ዘዴ ለእኛም ይገባል። ከዚያ በፊት ለነቀርሳ አንድ መመሪያ፣ ለኤች.አይ.ቪ. ሌላ፣ ለስኳር ሌላ፣ ለአእምሮ ሕመም ሌላ ነበር። ነርሷ ታማሚው ፊቷ ተቀምጦ እያለ አራት መጽሐፍ ልታገላብጥ አትችልም። አዲሱ መመሪያ ታማሚው ከሚናገረው ይጀምራል፦ «ያስለኛል»፣ «ይደክመኛል»፣ «እግሬ ያብጣል»። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየመራ፣ መጀመሪያ አስቸኳዩን ለይቶ፣ ቀጥሎ ሥር የሰደደውን ሕመም ወደሚከታተሉበት ገጽ ይወስዳል። እዚያም «ሌላ ምን ሕመም አለበት? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ብሎ ያስጠይቃል። የእናታችን ፌስታል የተዘረገፈው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው።

ሥልጠናው የሚሰጥበት መንገድም ልዩ ነው። ባለሙያዎቹን ለሁለት ሳምንት ሆቴል ወስዶ አበል ከፍሎ መመለስ የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ሁለት ሳምንት ጤና ጣቢያው ባዶ ይቀራል፤ የሠለጠነው አንድ ሰውም ሲዛወር እውቀቱ አብሮ ይሄዳል። በዚህ አሠራር ግን አሠልጣኙ ራሱ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣል። ነርሱ፣ የጤና መኮንኑ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ በአንድነት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። የአንድ ታማሚ ታሪክ ይቀርብላቸዋል፤ መጽሐፉን ገልጠው በጋራ መፍትሔ ይፈልጋሉ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይገናኛሉ። ንግድን የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ሱቅ ጠባቂ ልጅ የሚሠለጥነው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነውና።

ሥልጠና ብቻውን አያድንም

እውነቱን ለመናገር፣ ሥልጠናን ብቻ እንደ ተአምር ማየት አይገባም። በደቡብ አፍሪካ በ2011 እና በ2012 ይኸው አሠራር በ38 ክሊኒኮች ተመዝኖ ነበር። ውጤቱ በ2016 ሲታተም፣ ሥልጠናው የሚቻልና ጉዳት የሌለው መሆኑ ቢረጋገጥም፣ የግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የመንፈስ ጭንቀት ታማሚዎች ሕክምና እንደታሰበው አልተሻሻለም። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ የሠለጠነ ነርስ መድኃኒት ከሌለው፣ ጊዜ ከሌለው፣ ታማሚው ካልተመለሰለት፣ ትናንት ምን እንደተሰጠም ካላወቀ እጁ የታሰረ መሆኑን ነው። ሥልጠናው ዘር ነው እንበል፤ ዝናብም መሬትም ይፈልጋል። የገዳሪፍ ሰው ይህን አያጣውም።

ዝናቡንና መሬቱን በከፊል ማዘጋጀት የሚችለው ደግሞ ታማሚውና ቤተሰቡ፣ ማለትም እኛው ነን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የማኅበራችን የድንገተኛ ሳጥን እስከ ዛሬ ሲከፈት የኖረው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ፈጣሪ ያርቀውና ለቀብር። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ አይቋረጥም። የምናቀርበው ሐሳብ ግን ከሳጥኑ ጥቂቱ ሰው ከመውደቁ በፊት ይውጣ የሚል ነው። ለጠቅላላ ጉባኤው አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አንድ ደብተር ለአንድ ታማሚ። ማኅበሩ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ያሳትም። በውስጡ ሕመሙ፣ የሚወስደው መድኃኒት በትክክለኛ ስሙ፣ የግፊቱና የስኳሩ ቁጥር፣ የማይስማማው መድኃኒት ይጻፍበት። ታማሚው ገዳሪፍም ይሂድ፣ ገላባትም፣ ጎንደርም፣ ደብተሩን ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ ሁሉ በዚያው ላይ ይጻፍ። ከደብተሩ ጋር መድኃኒቶቹን በሙሉ በአንድ ፌስታል መያዝ ልማድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ። ዐረብኛ ሱቅ ለመሸጥ የሚበቃን ሰዎች፣ ስለ ሕመማችን ስንናገር ግን እንቸገራለን። «ልቤን ያመኛል» ስንል ሐኪሙ ልብ ይመረምራል፤ እኛ ግን ጨጓራ ማለታችን ነው! እዚህ ተወልደው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው የሚናገሩ ልጆች አሉን። በሳምንት አንድ ቀን በተራ ከታማሚዎች ጋር ይሂዱ። የሰማውን ምሥጢር የሚጠብቅ ልጅ ይመረጥ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፣ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ምሥጢሩ ሊጠበቅለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሥልጠናውን ወጪ መጋራት። የጤና ጣቢያዎቹ ባለቤት የሱዳን መንግሥት ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ባለሙያ ማሠልጠን የእኛ ሥልጣን አይደለም። ይሁን እንጂ ለክፍለ ሀገሩ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጽፈን «በሰፈራችን ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢሰጥ ለአሠልጣኙ ትራንስፖርት፣ ለወረቀቱ ማባዣ፣ ለሻይና ለፉሉ እኛ አለን» ማለት እንችላለን። አንድ ጥሩ የግፊት መለኪያ ብንገዛም ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ሱዳናዊው ጎረቤታችንም ይለካበታል። በችግራችን ጊዜ በሩን የከፈተልን ሕዝብ ነው፤ ውለታውን በዚህ ብንመልስ ክብር ነው።

አራተኛ፣ ልጆቻችን። ሁሉም ልጅ ነጋዴ መሆን የለበትም። ነርስነትን፣ የጤና መኮንንነትን፣ ፋርማሲን ለሚማር ልጅ ማኅበሩ የመጻሕፍት ድጋፍ ቢያደርግ፣ ነገ ሁለቱን ቋንቋና ሁለቱን ሕዝብ የሚያውቅ ባለሙያ ይኖረናል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድን ሰው በድንገት ወደ ሩቅ ከተማ ለማጓጓዝ የምናዋጣውን እናስታውስ፤ ለብዙ ሰው ደብተርና መለኪያ ይበቃል። «ነገ ሰላም ሲሆን ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል፣ ምን አደከመን?» የሚልም ይኖራል። አገር ቤት የሚገባውም ቢሆን ሕመሙን ይዞ ነው የሚገባው። ደብተሩ መተማ ላይም፣ ጎንደር ላይም፣ አዲስ አበባም ይነበባል።

ከዚህ በተጨማሪ በየቤታችን ያለ ገንዘብ የምናደርገው አለ። ሻያችን ላይ የምንጨምረውን ስኳር እንቀንስ፤ ይህን የሚለው ስኳር የሚሸጥ ሰው ነውና እመኑን! ወጣችን ላይ ጨው እናሳንስ። የምንጾም ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም፣ ስኳር ያለብን ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ እናማክር። ከሱቅም ሆነ ከሰይደሊያ ማስታገሻ ስንገዛ «ግፊት አለብኝ፣ ስኳር አለብኝ» ብለን እንናገር።

ክቡራንና ክቡራት፤

እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ማኅበር ያቋቋሙት በባዕድ አገር ማንም ሰው ብቻውን እንዳይታመም፣ ብቻውንም እንዳይቀበር ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዛሬ ሕመሙ ራሱ በአንድ ሰው ላይ በዝቶ ሸክም ሆኗል። አንድ ደብተር በመያዝ፣ አንድ ልጅ አስተርጓሚ በማድረግ፣ በቅርባችን ያለውን ነርስ በማክበርና በመደገፍ ሸክሙን ልናቀልለት እንችላለን። ጉባኤው በሐሳቡ ላይ ተወያይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት በትሕትና እንጠይቃለን። ደብተር ለማሳተም ከሱቆቻችን የሚጠበቀውን መዋጮ ዛሬውኑ ለገንዘብ ያዡ እናስረክባለን።

ፈጣሪ የታመሙትን ይማርልን፤ ለሱዳንና ለኢትዮጵያ ሰላሙን ያምጣልን፤ ማኅበራችንን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርስልን።